ቴምብር ለሚሰበስቡት አጎት ምን ይዤ ልሂድ?

ለገና አገር ቤት ለመግባት ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ጫማው፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ ቫይታሚኑ ተገዝቷል። ግራ የሚያጋባው ቴምብር ወይም የድሮ ገንዘብ ለሚሰበስቡት አጎት የሚያዘው ነው።

ሜሪላንድ መኖር ከጀመርኩ 30 ዓመት ሆኖኛል። አንድ ጊዜ ለአጎቴ አንድ ሺህ የዓለም ቴምብር የታጨቀበት ከረጢት ይዤላቸው ገባሁ። ብዛቱ የሚያስደስታቸው መስሎኝ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው መርቀው ተቀበሉኝ። ነገሩ የገባኝ በማግስቱ አልበማቸውን ሲያሳዩኝ ነው። የሚሰበስቡት የኢትዮጵያን ብቻ ነው። በፈረንጆች 1894 የወጡት፣ ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮቻችን የራሳቸው ገጽ አላቸው። አራቱ የአፄ ምኒልክ ምስል፣ ሦስቱ አንበሳ ያለባቸው ናቸው። ከአንበሶቹ የአንዱ ቦታ ባዶ ነበር። አጎቴ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። እኔ ባመጣሁት ከረጢት ውስጥ አንድም የኢትዮጵያ ቴምብር አልነበረም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የጎደለውን ጠይቁ። ሳይጠብቁት ማስደሰት ከፈለጋችሁ ልጃቸውን ወይም ባለቤታቸውን በቴሌግራም «አልበሙን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ» በሉ። ነውር የለውም። የኛ የድሮ ቴምብር አውሮፓና አሜሪካ ባሉ ነጋዴዎች እጅ ይገኛል፤ ውጭ መኖራችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ግን ተጠንቀቁ። በላያቸው ተጨማሪ ጽሑፍ የታተመባቸው የምኒልክ ዘመን ቴምብሮች አስመስሎ የተሠራው በዝቶባቸዋል። ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡን ከማይመልስ ሻጭ አትግዙ።

ሳንቲም ላይ ደግሞ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር አግኝቼ፣ ጠቁሮ ሳየው በጥርስ ሳሙና ፈትጌ አብለጨለጭኩት። የሰጠኋቸው ሰው ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ፍትጊያው ብሩን ጭሮት፣ ዋጋውንም ጥሎት ነበር። አደራ፣ አትፈትጉ። ማርትሬዛ የሚባለውን የብር ሳንቲም የምትገዙም 1780 የሚለውን አይታችሁ ያን ያህል ዕድሜ አለው ብላችሁ አትክፈሉ። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ዛሬም ቪየና ይመታል። ክብደቱን ግን መመዘን ትችላላችሁ፤ 28 ግራም ያህል መሆን አለበት።

ስለ ዕቃው ምንም የማታውቁ ከሆነ መያዣውን ግዙ። ጥሩ የቴምብር ደብተር፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ወረንጦ፣ ለሳንቲም የሚሆን ክብ የፕላስቲክ ማስቀመጫ። አገር ቤት እንዲህ ያለው እንደ ልብ አይገኝም፣ ሻንጣም አያከብድም። ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ግን አይሁን። ሲቆይ ሳንቲሙን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ስትመለሱ ለፈረንጅ ወዳጃችሁ ጥንታዊ ብራና ወይም መስቀል ይዛችሁ አትውጡ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከአገራችን የወጣውም ይበቃል። ወዳጃችሁ የወረቀት ገንዘብ የሚሰበስብ ከሆነ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተቀየሩት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ቤት ውስጥ ተረስተው ከተገኙ ደስ ይለዋል።

አሁን ደግሞ የራሳችሁን መሳቢያ ክፈቱ። ኢሜይል ሳይመጣ በፊት ከአገር ቤት የተጻፉላችሁ ደብዳቤዎች አሉ አይደል? ደብዳቤውን ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ፖስታውን ለአጎታችሁ ስጡ። ቴምብሩን አትላጡ፣ አትቁረጡም። ማኅተሙ፣ ቀኑና አድራሻው አብረው ሲኖሩ ለሚሰበስብ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ባለፈው ስሄድ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የላከችልኝን 11 ፖስታዎች በካርቶን መሃል አድርጌ በእጅ ሻንጣ ያዝኩ። አጎቴ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። መጀመሪያ ያነበቡት የእህታቸውን የእጅ ጽሑፍ ነበር። ቴምብሮቹን ያዩት ከሰዓት በኋላ ነው።