«አልፈሻል» የቅጥር ደብዳቤ አይደለም

ጥያቄ፦ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ እሠራለሁ። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ረዳት ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ተፈተንኩ፣ ቃለ መጠይቅም ቀረብኩ። ከሰው ሀብት ክፍል ተደውሎ «አልፈሻል፣ ተዘጋጂ» ተባልኩ። ሦስት ወር ሆነ፤ ደብዳቤ የለም። ይኸው ያለ ደመወዝ ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለዚያው መደብ እንደገና ማስታወቂያ ወጣ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ «እሠራለሁ» ይላሉ፤ ወረድ ብለው «ያለ ደመወዝ» ይላሉ። ሥራዎን ለቀዋል ማለት ነው። እሱን ሳይነግሩኝ አለፉት፤ የጉዳይዎ ዋና ነገር ግን እሱ ነው። ለጠበቃ ሲያማክሩ ያሳፈረዎትን ነገር ያስቀድሙ።

የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ። የሥራ ማስታወቂያ በአብዛኛው የማመልከቻ ጥሪ ነው፤ የመቅጠር ግዴታ አይፈጥርም። ኮሚቴው ነጥብ ሰጥቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። በጀት ይታያል፣ ማስረጃ ይጣራል፣ ከዚያ ሥልጣን ያለው ኃላፊ በደብዳቤ ይቀጥራል። የደወለልዎት ሰው በተጠባባቂነት ማለፍዎን ነግሮዎትም ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አገር ሕግ ቃል አምኖ ለተጎዳ ሰው ካሳ ይፈቀዳል፤ ግን የስልኩን ቃል ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ። የአስተዳደር፣ የቴክኒክ፣ የምርምር አመልካች ሳይል ሁሉም እዚህ ይወድቃል። «አልፈሻል» ሲባል ያው ቀን መልቀቂያ ያስገባል። አንዳንዱ በደስታ ነው። ብዙው ግን አዲሱ መሥሪያ ቤት «መጀመሪያ መልቀቂያና ክሊራንስ አምጪ» ስላለው ነው። ያን ጊዜ እንቢ ማለት ያስፈራል፣ አውቃለሁ። እንቢ አይበሉ፤ ወረቀት ይጠይቁ። «መልቀቂያዋን ስታቀርብ በዚህ መደብ፣ በዚህ ደመወዝ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ እንቀጥራታለን» የሚል፣ ሥልጣን ባለው ሰው የተፈረመ ደብዳቤ ይበቃል። ይህን አንድ ገጽ ለመስጠት የሚያመነታ ካለ፣ የሚቀጥርዎት መሆኑን እሱ ራሱ አላረጋገጠም። ደብዳቤው እስኪመጣ አሮጌ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ።

ሲመጣም መደቡ ቋሚ ይሁን የፕሮጀክት ኮንትራት ይዩ። የምርምር መደብ ብዙ ጊዜ በፕሮጀክት ገንዘብ ነው የሚቆመው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ መደቡም ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1982 ስለ ሥራ ስንብት የወጣው 158ኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት እንኳ አገሮች የጊዜ ገደብ ያለውን ኮንትራት ከስንብት ጥበቃው ውጭ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ቋሚ ሥራ በዚህ ሲለወጥ ታስቦበት መሆን አለበት። የእርስዎ የትኛው ነበር? እሱንም አልነገሩኝም።

የገባ መልቀቂያን አሠሪው ካልተስማማ ማንሳት ከባድ ነው። ሆኖም የቀድሞ መደብዎ ሰው ካልተተካበት ዛሬውኑ በጽሑፍ እንዲመልሱዎት ይጠይቁ። ለአዲሱ ማስታወቂያም ያመልክቱ፤ መከፋትዎ አያስቀርዎት። ጎን ለጎን ውጤትዎንና ደረጃዎን በጽሑፍ እንዲገልጹልዎት ያመልክቱ፤ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ያስመዝግቡ። የቅሬታ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው፤ የእርስዎ አልፎ ሊሆን ይችላል።

የሁለቱን ማስታወቂያዎች ቅጂ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝሩን፣ የተላላኩትን መልእክት፣ የመልቀቂያዎንና የተቀባይነቱን ደብዳቤ ይሰብስቡ። ከዚያ በአካባቢዎ ያለ የሥራ ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ወረቀቶቹን ሳያይ «ክሰሺ» የሚልዎትን ሰው አይስሙ፤ እኔም ሳላያቸው አልልዎትም።