መልስ፦ ልጆቹ ዝም ቢሉም ቀዩ መብራት ለምን አይጠፋም?

የክፍሉን ጫጫታ በማይክሮፎን እየለካ ጸጥ ሲል አረንጓዴ፣ ሲንጫጫ ቀይ መብራት የሚያበራ መሣሪያ ሠርተህ ቀዩ አልጠፋ እንዳለህ ጠይቀሃል። ማይክሮፎንህ አልተበላሸም። ችግሩ ያስቀመጥከው ገደብ ነው፤ ማለትም ሲታለፍ ቀዩን የሚያበራው ቁጥር። ማክስ 4466 (የማይክሮፎንህ ድምፅ ማጉያ) ጸጥታ ሲሆን ዜሮ አያወጣም፤ ከሚሰጠው ቮልቴጅ ግማሹን ነው የሚያወጣው። በ5 ቮልት ሲሠራ አርዱዊኖ ኡኖ (መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ይህንን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር ቀይሮ 512 አካባቢ አድርጎ ያነበዋል። አንተ ገደቡን 400 ላይ ስላደረግከው ሁሌም ያልፈዋል።

እንዲህ አድርግ፦

1. ለ50 ሚሊሰከንድ ደጋግመህ አንብብና ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ያዝ።
2. ትንሹን ከትልቁ ቀንስ። የድምፁን ኃይል የሚነግርህ ይህ ልዩነት ነው።
3. የመጨረሻዎቹን 20 ልዩነቶች አማካይ ከገደብህ ጋር አወዳድር፤ አለበለዚያ እርሳስ በወደቀ፣ ዴስክ በተጎተተ ቁጥር ቀዩ ብልጭ ይላል።

ገደቡን ቤትህ ሆነህ አትወስን። ልጆቹ በቡድን ሲሠሩ ቁጥሩ ስንት እንደሚደርስ እዚያው ክፍል ውስጥ እይና ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርገው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ባዘር (ጫጫታ ሲበዛ የሚጮህ ደወል) እንዳትጨምርበት። እኔ ጨምሬ ልጆቹ በማግስቱ እሱን ለማስጮህ መፎካከር ጀመሩ፣ ክፍሉ ከበፊቱ ባሰ። ነቅዬ ጣልኩትና አረንጓዴው 10 ደቂቃ ሳይጠፋ ከቆየ ተረት አነብላችኋለሁ አልኳቸው። አሁን እርስ በርሳቸው «ቀስ በሉ» ይባባላሉ።