የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከአያት የተወረሰች ሰንጢ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። አያቴ ሲያርፉ ከካፖርታቸው ኪስ የቀንድ እጀታ ያላት አንዲት ታጣፊ ሰንጢ ተገኝታ ለእኔ ተሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆኖብኝ ስድስት አሮጌ ሰንጢዎችን ከየገበያው ገዝቻለሁ። የአያቴ ሰንጢ ስለቷ ጠቁሯል፤ ማጠፊያዋ አጠገብ ቀይ ዝገት ይታያል፤ እጀታዋም በአንድ በኩል መሰንጠቅ ጀምሯል። አስወልውዬ እንደ አዲስ ላድርጋት ወይስ እንዳለች ልተዋት? እንደ አያቴስ በኪሴ ይዣት ብንቀሳቀስ ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጥቁረቱን አይንኩት፤ ቀዩን ግን ዛሬውኑ ያስለቅቁ። ሁለቱም በአንድ ስም ዝገት ቢባሉም ሥራቸው ለየቅል ነው። በአያትዎ ዘመን አብዛኛው ሰንጢ ይሠራ የነበረው ክሮሚየም ከሌለው ብረት ነው፤ ዛሬ የማይዝግ የምንለው ብረት ቢያንስ ከመቶ 10.5 እጅ ክሮሚየም የያዘ ሲሆን፣ በእንግሊዟ የሼፊልድ ከተማ ለቢላዋ ሥራ መዋል የጀመረውም እ.ኤ.አ. ከ1913 ወዲህ ነው። ያ አሮጌ ብረት ሽንኩርት፣ ሎሚና ጥሬ ሥጋ በነካው ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ቀዩን ዝገት በመጠኑ ይከላከላል። አያትዎ በየቅርጫውና በየዝክሩ ቁርጥ የቆረጡባት መሆኗን የሚመሰክረው ይኸው ጥቁረት ስለሆነ፣ ለሰብሳቢ ከመስተዋት የጠራ ስለት ይበልጣል።

ቀዩን ለማስለቀቅ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት፣ በማግስቱም በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ያሹት። እምቢ ያለውን በሾለ እንጨት ቀስ ብለው ይፋቁት። የኑግ ዘይት ግን እንዳይሞክሩ፤ አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ስለሚሆን ማጠፊያውን ያስይዘዋል። የብርጭቆ ወረቀትንም ከአጠገብዎ ያርቁ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው፤ ከዓመታት በፊት አንኮበር የገዛኋትን አንዲት ሰንጢ ላሳምር ብዬ ስፈገፍግ ውዬ፣ ስለቱ ሥር የነበረውን የፋብሪካ ማኅተም ከዝገቱ ጋር አብሬ አጠፋሁት። ያቺ ሰንጢ የት እንደተሠራች ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

ስለዚህ ሰባቱንም ሰንጢዎች ዘርግተው የስለታቸውን ሥር በብርሃን በኩል ይመልከቱ። «ሶሊንገን» የሚል ጽሑፍ ካገኙ የቢላዋ መዲና የሆነች የጀርመን ከተማ ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በዚህ ስም መጠቀም በጀርመን ሕግ የተጠበቀ ሆኗል። ከእንጨት እጀታዋ አንገት ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ያላት ኦፒኔል የተባለችው የፈረንሳይ ሰንጢ ካለችዎት ደግሞ፣ ቀለበቱ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ስለሆነ ዕድሜዋን ለመገመት ይረዳዎታል፤ በቁጥር ከሚለዩት መጠኖቿ ትናንሾቹ ግን ዛሬም ያለ ቀለበት ይሠራሉ። በአገራችን ባለ እጆች ከመኪና ባሌስትራ እየተቀጠቀጠ የሚወጣው ካራና ቢላዋ የማይታጠፍ ስለሆነ ለብቻው የሚሰበሰብ ነው። በእኔ አስተያየት ባለ እጁ በሕይወት እያለ ቢገዙትና እንዴት እንደሠራው ቢጠይቁት ከሰባቱም የበለጠ ታሪክ ያገኙበታል።

የእጀታው ስንጥቅ ከመንዝ ውርጭና ደረቅ ነፋስ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ቀንድ እንደ ጥፍር ነው፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ችንካሩ ግን ካለበት ስለማይነቃነቅ ቀንዱ ችንካሩ ዘንድ ይሰነጠቃል። ሰንጢዋን ምድጃ አጠገብ አያኑሯት፣ ውኃ ውስጥም አይዘፍዝፏት፤ እጀታዋን በወር አንድ ጊዜ በጥቂት ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። በቆዳ ሰገባ ከተው ለዓመት ማስቀመጥም አይመከርም፤ ቆዳው እርጥበት እየያዘ ብረቱን ይበላዋል።

መያዙን በተመለከተ አያትዎ የኖሩበትና እኛ የምንኖርበት ጊዜ አንድ አይደለም። በእርሳቸው ዘመን ሰንጢ ብርቱካን የሚላጥባት፣ ዱላ የሚጠረብባት፣ ጥፍር የሚቆረጥባት ዕቃ ነበረች፤ አራስም ወደ ደጅ ስትወጣ ቢላዋ ትይዝ ነበር። አሁን ግን ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ሲወርዱ ፍተሻ ቢገጥምዎ፣ ፈታሹ የሚያየው ስለቱን እንጂ የአያትዎን ኪስ አይደለም። በእርሻና በቤት አካባቢ ይያዟት። መንገድ ሲወጡ ቤት ቢተዋት ይሻላል፤ የግድ ከሆነ በጨርቅ ጠቅልለው ከሻንጣ ውስጥ ይክተቷት፣ ሳይጠየቁም አስቀድመው ይናገሩ። ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ ባንክ፣ ሕዝብ ወደሚሰበሰብበት በዓልና ወደ ጠጅ ቤት ይዞ መግባት ፈጽሞ አይገባም። በአውሮፕላን ከተጓዙ ደግሞ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንጂ ከእጅ ቦርሳ ውስጥ አትገባም።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነኝ። የደነዘች ሰንጢዬን በግራይንደር አስስዬ ስለቷ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፤ አሁን ሁለት ሽንኩርት ሳልከትፍባት ትደነዝዛለች። ምን ሆነች?

መልስ፦ ተቃጥላለች። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የተለወጠው ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሞቀ ነው፤ ያን ጊዜ ባለ እጁ ወይም ፋብሪካው በእሳትና በማቀዝቀዝ የሰጠው ጥንካሬ ይላላል። ሰማያዊው ጫፉ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያ ክፍል እስኪያልቅ በለስላሳ መሳያ ድንጋይ ላይ ውኃ እያርከፈከፉ በእጅዎ ይሳሉት፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደህና ነው። ሰማያዊው እስከ ጀርባው ከዘለቀ ግን እንደገና ማጠንከር የባለ እጅ ሥራ ነው፤ እሱም እጀታውን ሳይፈታ ሊሠራው አይችልም።