ቢላሽ አላለቀም፣ ስለቱ ተጣሞ ይሆናል

እህቴ፣ «አዲስ ቢላ ገዝቼ በሁለት ወሩ ቲማቲም መቁረጥ አቃተው፤ ብረቱ ነው የማይረባው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ብለሽ ጠይቀሽ ነበር። እኔም ስንቱን ቢላ በከንቱ ረግሜያለሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የብረቱ አይደለም።

ስለት ጫፉ ላይ ከፀጉር በጣም የሳሳ ነው። መክተፊያውን በነካ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ጎን ይተኛል። ብረቱ አለ፣ ግን ተጣሟል። ከቢላ ጋር አብሮ የሚሸጠው ረጅም የብረት ዘንግ ዋና ሥራው ይህን ማቃናት ነው። እኔ ለዓመታት የሚስል መስሎኝ እንደ ጉድ ስፈትገው ኖሬያለሁ። በቀስታ፣ በየጎኑ አራት አምስት ጊዜ ማሳለፍ ይበቃል።

ከዘንጉ በኋላም ካልቆረጠ ስለቱ በእርግጥ አልቋል ማለት ነው። መብራት ስር ስለቱን ወደ ላይ አድርገሽ እዪው። የተሳለ ስለት አያበራም። የዶለዶመው ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ያብለጨልጫል። የኔ መሃሉ ላይ ብቻ ነበር የሚያበራው፤ ሁልጊዜ የምከትፈው በዚያ በኩል ነዋ!

ያኔ የመሳያ ድንጋይ ያስፈልጋል። የሸካራነት ቁጥሩ 1000 የሆነው ለቤት ይበቃል። ማዕዘኑ ካስቸገረሽ ቢላውን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፣ ግማሽ አዘንብዪው፣ ከዚያ የቀረውን ደግሞ ግማሽ። ወደ 22 ዲግሪ ይመጣል፣ ለተለመደ ቢላ ጥሩ ነው። አንዱን ጎን ስትስዪ በሌላው በኩል ጣት የሚይዝ ሸካራ ነገር ከእጀታው እስከ ጫፉ እስኪወጣ አታቁሚ። ጣትሽን ከጀርባው ወደ ስለቱ አውጥተሽ ዳብሺው እንጂ በስለቱ ርዝመት እንዳትጎትቺው። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ ሳይወጣ እየገለበጥኩ አንድ ሰዓት ሙሉ ለፍቼ ቢላው እንደዶለዶመ ቀረ። ከወጣ በኋላ ገልብጠሽ ያንኑ ድገሚ፣ መጨረሻ ላይ እጅሽን አቅልለሽ እያፈራረቅሽ ጨርሺ።

ጠንካራ ብረት ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል። ብዙዎቹ የአውሮፓ ቢላዎች በሮክዌል የብረት ጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ናቸው፣ የጃፓኖቹ ብዙ ጊዜ 60 እና ከዚያ በላይ። ግን ጠንካራው አይጣመምም፣ ይሸረፋል። አጥንት አታስነኪው፣ በብረት ዘንግም አታሻሺው።

አሁን ወደ አንቺ ጥፋት ልምጣ፣ አትቀየሚኝ። መክተፊያሽ መስታወት ነው? እኔ ለማጽዳት ይቀላል ብዬ አንድ ነበረኝ። መስታወት ለሳሳ ስለት በጣም ጠንካራ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ቢላዬን ጨረሰልኝ። ሸክላ ሳህን ላይ መቁረጥም ያው ነው። እንጨት ወይም ለስላሳ ፕላስቲክ ይሻላል። ሌላው፣ የከተፍሽውን ሽንኩርት ወደ ድስቱ የምትጠርጊው በስለቱ ከሆነ ገልብጪና በጀርባው ጥረጊ። ስለትን እንደዚህ ልማድ የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ሎሚ ከቆረጥሽም ወዲያው አጥበሽ አድርቂው፣ አሲዱ የሳሳውን ጫፍ ይበላዋል።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ መብራት ስር እዪውና የሚያበራው የት ጋ እንደሆነ ጻፊልኝ።