የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሲቆም የሚሞቅ የጋቢና ኤሲ

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስወርድ የተሳቢዬ ኤሲ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ተራ ይዤ ስቆም ግን ሙቅ አየር ይነፋል። ጋዝ ላስሞላ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጋዝ ለማስሞላት አይቸኩሉ። እንዲህ ያለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ከራዲያተሩ ፊት ያለው፣ የኤሲውን ጋዝ ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰር በቂ ነፋስ አለማግኘቱን ነው፤ በጉዞ ላይ ነፋሱ ራሱ ስለሚያልፍበት ጉድለቱ ይሸፈናል፣ መኪናው ሲቆም ግን ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሲበርድ፣ የኮንደንሰሩን አቧራ ስስ ቅጠሎቹ እንዳይጣመሙ ግፊቱ ባልበረታ ውኃ ያጽዱ፤ ቀጥሎም የፋኑ ክላች (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ሞተሩ ሲሞቅ በሚገባ መያዙን መካኒክ ይመልከትልዎ። ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ክፍል) ቶሎ ቶሎ እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ጋዙ ሳያንስ አልቀረም፤ ያኔም ቢሆን ጋዙ በዝግ መስመር የሚዞር ስለሆነ አስቀድሞ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ። ከመጠን በላይ መሙላት ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል። ፍተሻውንም በደሴ ብርድ ሳይሆን በኮምቦልቻ እኩለ ቀን፣ መኪናው ቆሞ ቢያስደርጉት ይመረጣል።