ማታ ማታ ድምፁ የሚደበዝዘው በዋይፋዩ ነው?

ጥያቄ፦ ሙዚቃ የማዳምጠው በኢንተርኔት ነው። ማጫወቻው ከራውተሩ ጋር በዋይፋይ ይገናኛል። ቀን ላይ ደህና ነው። ማታ ማታ ግን ድምፁ ይደበዝዛል፤ ባሱ ይላላል፣ ሲምባሉ እንደ ወረቀት ይንሿሿል። ጓደኛዬ «ዋይፋይ ድምፅ ይገድላል፣ ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ የኔትወርክ ገመድ ግዛ» አለኝ። ገመዱ ውድ ነው። ልግዛው?

መልስ፦ አይግዙ። ቢያንስ ዛሬ አይግዙ። ሰማሁ ያሉትን ግን አምናለሁ። ቀን ደህና ሆኖ ማታ የሚደበዝዝ ድምፅ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ጓደኛዎ እንዳለው አይደለም እንጂ።

የካሴት ክር ሲያረጅ ድምፁ ይታፈናል፤ የራዲዮ ጣቢያ ሲርቅ ይንሿሿል። ስለዚህ «ደካማ ዋይፋይ፣ ደካማ ድምፅ» ብሎ ማሰብ ያለ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ሙዚቃ ግን ቤትዎ እስኪደርስ ድምፅ አይደለም፣ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይላካል። እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ የሂሳብ ማረጋገጫ አለው። መንገድ ላይ የተበላሸ ይጣላል፣ የጎደለው እንደገና ይላካል። የባንክ ሂሳብዎን በዚያው ዋይፋይ ሲያዩ አሃዙ ደብዝዞ አይመጣም አይደል? ወይ ይከፈታል፣ ወይ አይከፈትም። ሙዚቃውም እንደዚያው ነው። ኔትወርክ ሲደክም የሚሰሙት መቆራረጥ ነው እንጂ የላላ ባስ አይደለም።

የደረሰው ዳታ ደግሞ ቀጥታ ወደ ስፒከር አይሄድም። መጀመሪያ ማጫወቻው ሜሞሪ ላይ ይጠራቀማል። ማጫወቻው ከዚያ እየቀዳ፣ በራሱ ውስጥ ባለው ሰዓት እየለካ ወደ ድምፅ ይቀይረዋል። ይህንን እኔን ሳያምኑ ማየት ይችላሉ። ዘፈን ይክፈቱ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ ራውተሩን ያጥፉት። ዘፈኑ ወዲያው አይቆምም። አንዳንዱ ማጫወቻ ለጥቂት ሰከንድ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ዘፈኑን ይጨርሰዋል። በዚያች ሰዓት ዋይፋይ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ የለም። ድምፁ ጠራ? ካልጠራ ዋይፋዩ ነፃ ነው።

ታዲያ ማታ ምን ይፈጠራል? እኔ የምጠረጥረው አፑ ውስጥ ያለውን «አውቶማቲክ» የሚለውን የጥራት ምርጫ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ያያል፣ መስመሩ ይጨናነቃል። አፑ ይህን ሲያይ ሙዚቃው እንዳይቋረጥብዎ ብሎ ዝቅ ያለውን ቅጂ ይልክልዎታል። አይነግርዎትም፤ ዝም ብሎ ይቀይራል። ስፖቲፋይን ብንወስድ የጥራት ደረጃዎቹ መካከል በሰከንድ 96፣ 160 እና 320 ኪሎቢት የሚባሉ አሉ፤ ከእነዚህም የሚያንስ 24 ኪሎቢት አለ። ሲዲ ላይ ያለው ያልታመቀ ሙዚቃ 1,411 ኪሎቢት ነው። አንድን ዘፈን እስከ 96 ወይም ከዚያ በታች ሲጨምቁት መጀመሪያ የሚጎዳው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሲምባሉ እንደ ወረቀት ይንሿሿል ያሉኝ ለዚህ ነው ጆሮዬን ያቆመው። የተጨመቀ ፋይል ድምፅ ልክ እንደዚያ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና የድምፅ ጥራት የሚለውን ከአውቶማቲክ አውጥተው ከፍተኛው ላይ ያድርጉት። ለዋይፋይ እና ለሞባይል ዳታ ለየብቻ የሚጠይቅ አፕ አለ፣ ሁለቱንም ይዩ። ዳታ ቆጣቢ የሚል ነገር ከበራ ያጥፉት። እንዲያውም የሚወዱትን አንድ ዘፈን በከፍተኛ ጥራት ያውርዱ። የማውረጃው ጥራትም የራሱ ምርጫ ስላለው እሱንም ከፍ ያድርጉ። ከዚያ ማታ፣ ድምፁ በሚደበዝዝበት ሰዓት፣ ያንኑ ዘፈን ያጫውቱ። የወረደው ጠርቶ ከተሰማዎት ጥፋተኛውን ያዙት ማለት ነው። በነገራችን ላይ ማጫወቻው ከስፒከሩ ጋር በብሉቱዝ ከሆነ የሚገናኘው፣ ብሉቱዝ ራሱ ድምፁን እንደገና ስለሚጨምቀው እሱንም አይርሱት።

ጥራቱን ከፍ ካደረጉ በኋላ ማታ መቆራረጥ ከጀመረ፣ ያኔ የኔትወርክ ሥራ አለብዎት። የኢንተርኔት መስመሩ ራሱ ከታነቀ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ነገር አይረዳም። ዋይፋዩ ከሆነ ግን መፍትሔ አለው። ሙዚቃ ብዙ ፍጥነት አይፈልግም፤ 24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ የሚባለው ትልቁ ፋይል ሳይታመቅ እንኳ 9 ሜጋቢት ገደማ ነው። ችግር የሚሆነው ግርግሩ ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ መስመሮች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የጎረቤት ራውተርም፣ ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭም ይጋፋሉ። ማጫወቻው ለራውተሩ ቅርብ ከሆነ ወደ ሌላኛው መስመር፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ያዙሩት፤ ብዙ ግድግዳ ካለ ግን 5 ይደክማል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያውጡት። ገመድ መሳብ ከቻሉማ ከሁሉም ይሻላል። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያስተላልፋል፣ ይበቃዎታል።

ጓደኛዎ ትንሽ እውነት የሚያገኝበት ቦታም አለ። ገመድ ዳታ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ ኤሌክትሪክም ሊያመጣ ይችላል። የኔትወርክ ሶኬት ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር አለ፤ ሥራው ዳታውን አሳልፎ ሁለቱን ዕቃዎች በኤሌክትሪክ መለየት ነው። ነገር ግን ገመዱ የብረት መሸፈኛ ካለውና ጫፎቹም ብረት ከሆኑ፣ በመሸፈኛው በኩል የራውተሩና የማጫወቻው ግራውንድ (የኤሌክትሪክ መሬት መስመር) ይገናኛል። ያኔ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ሊመጣ ይችላል። ዘፈኑን ሲያቆሙትም አይጠፋም። ገመዱን ሲነቅሉ ጸጥ ካለ ተገኘ። መፍትሔው መሸፈኛ የሌለው፣ ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ርካሽ ገመድ ነው። ውድ የሚባሉት ብዙዎቹ ብረት የለበሱ መሆናቸው ያስቀኛል።

እኔም በገመድ ተሸውጄ አውቃለሁ። ድሮ አንድ ገመድ ቀይሬ «ኧረ ባሱ!» አልኩ። ለካ ገመድ ስነቅል ስሰካ የድምፁን ቁልፍ ትንሽ ከፍ አድርጌዋለሁ። ትንሽ ጮክ ያለ ነገር ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ስለዚህ ጓደኛዎ ገመዱ ካለው ለአንድ ማታ ያውስዎት። የድምፁን ቁልፍ ማንም አይንካ። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጡ፤ እሱ ሳንቲም እየወረወረ አንዴ ይህን አንዴ ያን ይሰካ፣ እርስዎ የትኛው እንደሆነ ይናገሩ። 10 ጊዜ ያድርጉት። 5 ወይም 6 ካገኙ ግምት ነው። 10 ከ10 ካገኙ ይጻፉልኝ፤ ዕቃዬን ይዤ መጥቼ አብሬዎት አዳምጣለሁ።