ዲበገሩ «ሂሳብ» ይለኛል፣ እኔ ግን «ቁጠባ» እንደሆነ አውቃለሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ላይ ነው። «ሂሳብ» የሚባል ወላጅ ክላስ አለን፤ «ቁጠባ» እና «ብድር» ከሱ ይወርሳሉ። ፕሮግራሙን ጂዲቢ በሚባለው ዲበገር (ስህተት መፈለጊያ) አቁሜ የኦብጀክቱን አድራሻ የያዘውን ፖይንተር ፕሪንት ሳደርገው ሁሌም «ሂሳብ» ብቻ ይለኛል። ፕሮግራሙ ራሱ ግን ትክክለኛውን የወለድ ፈንክሽን ይጠራል። ጓደኛዬ «አርቲቲአይ (ፕሮግራሙ ሲሠራ የኦብጀክቱን ክላስ የሚናገረው መረጃ) ጠፍቶ ኮምፓይል ስለተደረገ ነው» አለኝ። እውነት ነው? አለቃዬ ደግሞ ወደ አዲሱ የጂዲቢ ስሪት ከመሄዳችን በፊት ይህን የሚፈትሽ ቴስት እንድጽፍ አዞኛል። ምን ምን ልፈትሽ? (አንባቢዎ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርሰው። ጂዲቢ ሳይነገረው የሚያሳይሽ ኮዱ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ነው። ፖይንተሩ «የሂሳብ ፖይንተር» ተብሎ ከተጻፈ፣ «ሂሳብ» ይልሻል። «ሴት ፕሪንት ኦብጀክት ኦን» ብለሽ እዘዢውና ደግመሽ ሞክሪ። ያኔ ሜሞሪ ውስጥ ያለውን ኦብጀክት አይቶ እውነተኛውን ክላስ ያወጣል። «ዋትኢዝ» ብለሽ ስትጠይቂው ደግሞ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጽፍልሻል፦ የተጻፈውን ዓይነትና «ሪል ታይፕ» ብሎ እውነተኛውን።

የጓደኛሽ መልስ ግን ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደሱ ስለሚያስብ ትንሽ ላብራራው።

ቨርቹዋል ፈንክሽን (ልጅ ክላስ በራሱ ሊተካው የሚችል ፈንክሽን) ያለው ኦብጀክት ሁሉ በውስጡ አንድ ድብቅ ፖይንተር ይይዛል። ይህ ፖይንተር የክላሱን ቪ-ቴብል (የቨርቹዋል ፈንክሽኖቹን አድራሻ ሰንጠረዥ) ያመለክታል፤ ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። ሊኑክስ ላይ ጂሲሲም ክላንግም የተባሉት ኮምፓይለሮች የሚከተሉት ደንብ «የኢታኒየም ኤቢአይ» ይባላል። ስሙ የመጣው ከኢታኒየም ፕሮሰሰር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ከገበያ ቢወጣም ደንቡ ዛሬም ይሠራል። በዚህ ደንብ መሠረት በ64 ቢት ማሽን ላይ ድብቁ ፖይንተር የሚያርፈው ከቪ-ቴብሉ መጀመሪያ 16 ባይት አልፎ ነው። ከሱ በፊት ያሉት ሁለት ቦታዎች፣ አንዱ ኦብጀክቱ ከየት እንደሚጀምር የሚናገር ርቀት፣ ሌላው የአርቲቲአይ መረጃው አድራሻ ናቸው።

ጂዲቢ ታዲያ ዓይነቱን ሲፈልግ ያንን የአርቲቲአይ አድራሻ አያነብም። የሚያየው ቪ-ቴብሉ በሲምቦል ሰንጠረዥ (በስሞችና አድራሻዎች ዝርዝር) ላይ ያለውን ስም ነው። «ቪቴብል ፎር ቁጠባ» የሚል ሲምቦል ካገኘ፣ «ቁጠባ» የሚለውን ስም ወስዶ የዲበግ መረጃው ውስጥ ይፈልገዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ አርቲቲአይን በሚያጠፋው «-ኤፍኖ-አርቲቲአይ» ኮምፓይል ቢደረግም ቪ-ቴብሉም ሲምቦሉም ስላሉ ጂዲቢ ክላሱን ያውቀዋል። ይህንን ራሱን ቴስት አድርጊው። አንዱን ፕሮግራም በሁለቱም መንገድ ኮምፓይል አድርገሽ መልሱ አንድ መሆኑን አረጋግጪ።

ጓደኛሽ ምናልባት «አርቲቲአይ ሲምቦል ኖት ፋውንድ ፎር ክላስ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ አይቶ ይሆናል። መልእክቱ ያሳስታል። የጠፋው አርቲቲአይ አይደለም። ጂዲቢ የቪ-ቴብሉን ስም አግኝቷል፣ በዚያ ስም የተመዘገበ የዲበግ መረጃ ግን አጣ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ክላሱ ያለበት ላይብረሪ ያለ «-ጂ» (የዲበግ መረጃ የሚጨምረው የኮምፓይለር ትእዛዝ) ተሠርቶ ነው። ቴምፕሌት (ለብዙ ዓይነት የሚያገለግል የክላስ ሞዴል) ላይ ደግሞ ሲምቦሉና የዲበግ መረጃው አንዱን ስም በተለያየ አጻጻፍ ሊይዙት ይችላሉ።

አሁን ወደ ቴስቱ። የቢሮሽን ፕሮግራም አትጠቀሚ፤ ሁለትና ሦስት ክላስ ያለው ትንሽ ፕሮግራም ጻፊ። እያንዳንዱ ክላስ የራሱን ስም የሚመልስ ቨርቹዋል ፈንክሽን ይኑረው። ያ ፈንክሽን ዳኛሽ ነው። ዲበገሩ ያለውንና ፕሮግራሙ ራሱ ያለውን ታወዳድሪያለሽ፣ በአእምሮሽ የያዝሽውን ግምት አይደለም። አድራሻዎችን አታወዳድሪ፤ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ባደረግሽ ቁጥር ሊቀየሩ ይችላሉ።

አንድ ወላጅ ብቻ ያለው ክላስ ቶሎ ያልፋል፤ ችግር የሚመጣው ሁለት ወላጅ ሲኖር ነው። ሁለቱም ወላጆች ቨርቹዋል ፈንክሽን ይኑራቸው፣ የመጀመሪያው አንድ ኢንቲጀር ይያዝ። የሁለተኛው ወላጅ ክፍል ከኦብጀክቱ መጀመሪያ 16 ባይት ርቆ ይቀመጣል። በሁለተኛው ወላጅ ፖይንተር በኩል ፕሪንት ስታደርጊ፣ ጂዲቢ −16 የሚለውን ርቀት ከቪ-ቴብሉ አንብቦ ወደ መጀመሪያው መመለስ አለበት። የክላሱን ስም አግኝቶ ወደ ኋላ ካልተመለሰ ግን ስሙ ልክ፣ የፊልዶቹ ዋጋ ሁሉ ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ስሙን ብቻ አትፈትሺ። ለእያንዳንዱ ፊልድ የተለያየ ዋጋ ስጪና ሁሉንም አረጋግጪ።

ከሁሉም በላይ እንዳትዘነጊው የምለምንሽ የሚከተለውን ነው። ኦብጀክት ሲፈጠር የወላጁ ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱን የሚያዘጋጀው ፈንክሽን) ቀድሞ ይሠራል። በዚያ ሰዓት ድብቁ ፖይንተር የሚያመለክተው የወላጁን ቪ-ቴብል ነው። «ቁጠባ» እየተፈጠረ የ«ሂሳብ» ኮንስትራክተር ውስጥ ብታቆሚ ትክክለኛው መልስ «ሂሳብ» ነው። ይህን እንደ ስህተት የሚመዘግብ ቴስት ጤነኛውን ዲበገር ይጥላል። የ«ቁጠባ» ኮንስትራክተር አካል ውስጥ ስትገቢ መልሱ ይቀየራል። ብሬክፖይንቱን (ማቆሚያውን) ግን በፈንክሽኑ ስም አታድርጊ፤ አካሉ ውስጥ ባለ መስመር ላይ አድርጊው። በስም ካደረግሽው ድብቁ ፖይንተር ገና ሳይጻፍ ሊያቆምሽ ይችላል።

ገና ያልተፈጠረ ኦብጀክትስ? ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ ስታቆሚ፣ ስታክ (የፈንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ያለው የኦብጀክቱ ቦታ ቀድሞ የሠራ ፈንክሽን የተወው ትርፍራፊ ነው። እዚያ የሌላ ክላስ ቪ-ቴብል አድራሻ ቀርቶ ከተገኘ፣ ዲበገሩ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ክላስ ይነግርሻል። እኔ በማውቀው ቡድን ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ባጉን በማይመለከተው ክላስ ውስጥ ሲፈልግ ዋለ። በጣም ነው ያዘንኩለት፤ መሣሪያውን አምኖ ነው የደከመው። ለቴስት የሚሆን ቦታ ያዢ፣ በታወቀ ቁጥር ሙዪው፣ «የሂሳብ ፖይንተር» አድርገሽ ለጂዲቢ ስጪው። የሚጠበቀው ወይ የተጻፈውን ዓይነት እንዲሰጥሽ ወይ አልቻልኩም እንዲል ነው። መውደቅም ሆነ መንጠልጠል የለበትም። ከዚያ በኋላ ሌላ ትእዛዝ ስጪውና በጤንነቱ መመለሱን እዪ።

ያለ «-ጂ» የተሠራ ላይብረሪም ጨምሪ። እዚህ ላይ የምትፈትሺው ማስጠንቀቂያው መምጣቱንና የወላጁ ፊልዶች አሁንም መታየታቸውን ነው።

ፕሮግራሙ «ስትሪፕ» ከተደረገ ሲምቦሎቹ ስለሚሄዱ ጂዲቢ በራሱ ክላሱን አያገኘውም። አርቲቲአይ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው። የክላሱ ስም ፕሮግራሙ ራሱ ሲሠራ ስለሚያስፈልገው ከስትሪፕ በኋላም ይቀራል። ከቪ-ቴብል ፖይንተሩ 8 ባይት ወደ ኋላ ሄደሽ የአርቲቲአይ አድራሻውን ታነቢያለሽ፤ እዚያ 8 ባይት ወደ ፊት ስሙ ያለበት አድራሻ አለ። ስሙ ከፊቱ የፊደሎቹ ብዛት ተጽፎ ይገኛል። በ«-ኤፍኖ-አርቲቲአይ» የተሠራ ከሆነ ግን ያ ቦታ 0 ነው። ጓደኛሽ ልክ የሚሆነው እዚህ ጋ ብቻ ነው።

የጂዲቢ አዘጋጆች ራሳቸው ለዚህ ጉዳይ የጻፉት ቴስት ከምንጭ ኮዱ ጋር ይመጣል። የሲ ፕላስ ፕላስ ቴስቶች ባሉበት ፎልደር ውስጥ «አርቲቲአይ» በሚል ስም ታገኚዋለሽ። ዴጃግኑ በሚባል የቴስት ማስኬጃ የሚሄድ፣ በቲሲኤል ቋንቋ የተጻፈ ስክሪፕት ነው፤ አጭር ስለሆነ ሳትሰለቺ አንብቢው። ለቢሮ ግን ያንን ሁሉ መትከል የለብሽም። ጂዲቢን በባች ሁነታ (ሰው ሳይጠብቅ) አስኪደሽ ውጤቱን ፋይል ላይ ማስቀመጥ ይበቃሻል።

መጀመሪያ ኮዱን ሳያሻሽል በሚያስቀምጠው «-ኦ0»፣ ቀጥሎ ለፍጥነት በሚያሻሽለው «-ኦ2» ኮምፓይል አድርገሽ አሂጂው። በ«-ኦ2» ኮምፓይለሩ አንዳንድ ኦብጀክት ጨርሶ ሊያስቀረው ስለሚችል «ኦፕቲማይዝድ አውት» የሚል መልስ እንደ ውድቀት አትቁጠሪው። በጂሲሲም በክላንግም ሞክሪው፤ የቴምፕሌት ስሞች ልዩነት ብቅ የሚለው ያኔ ነው። ሁሉንም አሁን በምትጠቀሙበት ስሪት አስቀድመሽ አሂደሽ ውጤቱን አስቀምጪ። አዲሱ ስሪት ሲገባ ከዚያ ጋር ታወዳድሪዋለሽ። የተለየ መስመር ካገኘሽ ለአለቃሽ ከመንገርሽ በፊት ቨርቹዋል ፈንክሽኑ ምን እንዳለ እዪ።